ሪባኑ ከማዕድ በኋላ

በየከተማው አንድ መራቂ አለ። ኃላፊ ይነሳል፣ ኃላፊ ይሾማል፤ አስፋልት ይፈርሳል፣ ተመልሶ ይሠራል፤ መራቂው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እሱ ሳይኖር ሕንፃ አይከፈትም፣ የውኃ ቧንቧ አይለቀቅም፣ መዘምራን አልበም አያወጡም። ማን እንደሾመው የሚያውቅ የለም፤ ማን ሊሽረው እንደሚችል ደግሞ ጨርሶ አይታወቅም። የእናንተ ከተማ መራቂ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ማይክሮፎን ከእጁ የማይወጣውን ሰው ፈልጉ።

የወላይታ ሶዶው መራቂ ክቡር አቶ ዳልጮ ይባላሉ። «ክቡር» የሚለውን እኔ አልጨመርኩትም፤ ስማቸውን ሲያስተዋውቁ ራሳቸው ያስቀድሙታል። መምህር ነበሩ፤ ምን ያስተምሩ እንደነበር የሚያስታውስ ተማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲመረቅ ያደረጉትን ንግግር የሚያስታውሱ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው የሰሙት፣ ብዙ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ የእድር ሰብሳቢ ናቸው፣ የመንገድ ኮሚቴ ጸሐፊ ናቸው። ከእጃቸው የማትለይ ጥቁር ቦርሳም አለቻቸው። ውስጧ ቀይ ሪባን፣ መቀስ፣ መቀሱ የሚቀርብበት ትሪና ትሪው የሚለብሰው ነጭ ጨርቅ አለ። ሐኪም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ እንደሚዞር እሳቸውም መቀሳቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ ማን በምን ሰዓት ምን እንደሚከፍት አይታወቅማ።

እኔ ኤልሳዕ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ከብሩክታይት ጋር ሆነን ዌብሳይት እንሠራለን። እሷ ዲዛይኑን ትሠራለች፣ እኔ የቀረውን። በራሳችን ዌብሳይት ላይ የዜና ገጽ አለን። እኩሌታው እገሌ የተባለ ደንበኛችን ዌብሳይቱን አስጀመረ የሚል ነው፤ እኩሌታው ደግሞ የአካባቢ ወሬ ነው፦ የጠፋ በሬ፣ በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ፣ የመዘምራን ጉባኤ፣ የቦዲቲና የአረካ ልጆች የኳስ ውጤት። ስንጀምር ሰው ከተማውን የሚያይበት መስኮት ይሆናል ብለን ነበር። ጋሽ ዳልጮ ከገቡበት ወዲህ የእንግዶች ስም መዘርዘሪያ ሆኖ አረፈው።

የገቡትም እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡና በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እናንተ ዌብሳይት ትሠራላችሁ አሉ።»

«አዎ፣ ጋሽ ዳልጮ። ይግቡ።»

«ማን መረቀው?»

«ምኑን?»

«የሠራችሁትን ነዋ።»

«ጋሽዬ፣ ዌብሳይት እኮ አይመረቅም። ኢንተርኔት ላይ ይጫናል፣ አለቀ።»

ልጅ ወልዶ ስም ያላወጣ አባት እንደሚታይ አዩኝ። «ያልተመረቀ ነገር አልተወለደም» አሉ፤ ቦርሳቸውንም ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። ብሩክታይት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሯ አቀረቀረች። እኔ መሳቅ የተውኩት ደንበኞቻችን በሙሉ ከእሳቸው ጋር መስማማታቸውን ሳውቅ ነው። ለካ ሰዉ ዌብሳይት የሚያሠራው ሊያስመርቀው ኖሯል።

መጀመሪያ የመረቁት የአንድ የጥርስ ሐኪም ዌብሳይት ነበር። ጋሽ ዳልጮ ላፕቶፑን እንደ ስጦታ ዕቃ ዙሪያውን በሪባን ጠቀለሉት። የክብር እንግዳው መቀሱን ከትሪው አነሱ፣ ለካሜራ ፈገግ አሉ፣ ቆረጡም። ከሪባኑ ጋር የማውሱን ገመድ አብረው ቆረጡት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሐኪሙ ሞቶ የቀረው ማውስ ላይ እጁን እንደጫነ ሲደነግጥ፣ ጋሽ ዳልጮ ማይክሮፎኑን አፋቸው ላይ ለጥፈው «ይህ የመቀሱን ስለት ያሳያል፤ ወደሚቀጥለው መርሐ ግብር እናልፋለን» አሉ። የሚቀጥለው መርሐ ግብር ምሳ ነበር። ጋሽ ዳልጮ ወደ ምሳ ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ሰውን ሁሉ በስምና በማዕረግ፣ በቅደም ተከተል ጠርተው ያስነሳሉ፤ ራሳቸውም ቢሆኑ ከመጀመሪያው ሰሐን ቀርተው አያውቁም።

አረካ ደግሞ የዘር አምራች ገበሬዎች ማኅበር ነበር። ሄድን፤ ኔትወርክ የለም። «ጋሽ ዳልጮ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነብን፤ ለሌላ ቀን እናዛውረው» አልኳቸው። «ሰንጋው ታርዷል» አሉኝ። የታረደ ሰንጋ አይዛወርም። ስለዚህ የዌብሳይቱን ፎቶ ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩ፤ የክብር እንግዳው ቁልፍ ተጫኑ፣ ፎቶው ወጣ፣ ሰው አጨበጨበ። አንድ ገበሬ እጁን አውጥቶ «ሁለተኛው ገጽስ?» ሲል ጠየቀ። ጋሽ ዳልጮ አፍታም አልወሰደባቸውም፤ «ሁለተኛው ገጽ ከምሳ በኋላ ነው» አሉት። ከምሳ በኋላ የጠየቀ አልነበረም። ዜናውን ሲያስጽፉኝ «ለመላው ዓለም ክፍት ሆነ» በል አሉኝ። ዓለም ያን ቀን እንኳን ሊገባ፣ እኔም ከዚያ ሆኜ ለብሩክታይት መደወል አልቻልኩም ነበር።

ይህን እየሳቅሁ የምጽፍ ይመስላችሁ ይሆናል። ሳቄ ቆሟል። ምረቃው ካለፈ በኋላ የሚመጣውን የምናየው እኔና ብሩክታይት ነን። የሠራናቸውን ዌብሳይቶች አንድ በአንድ ብትከፍቱ፣ በሁሉም ላይ የመጨረሻው ዜና «ዌብሳይታችን በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የሐኪሙ ስልክ ቁጥር ተቀይሯል፣ ዌብሳይቱ ላይ ግን አሮጌው አለ። በገበሬዎቹ ማኅበር ገጽ ላይ የዘር ዓይነት ተብሎ የወጣው ፎቶ እኔ ለሙከራ የሰቀልኩት የሌላ አገር ስንዴ ነው፤ ቀይሩት ብል የሚሰማኝ አጣሁ። አንዱን እናስተካክል ብለን ስንደውል «ተመርቋል እኮ» ይሉናል። የተመረቀ ነገር እንዴት ሥራ ይኖረዋል? በዚህ ከተማ አንድ ነገር ጨርሶ እንዲረሳ ከፈለጋችሁ፣ ሰንጋ ጥላችሁ አስመርቁት።

ለጋሽ ዳልጮ ፊት ለፊት ነግሬአቸዋለሁ። «እርስዎ ነዎት የሚገድሉብን» አልኳቸው። «ዌብሳይት ድልድይ አይደለም፤ በየቀኑ ካልተጠቀሙበት ይሞታል።»

«ልጄ፣ ድልድይም ቢሆን ሪባኑ ካልተቆረጠ ሰው በወንዙ ውስጥ ነው የሚሻገረው» አሉኝ። «ሰው ይወቀው። ሰው ካላወቀው ምን ዋጋ አለው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «ሰው የሚያውቀው ምሳውን ነው» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። የተቀየሙ ሰው ግን ይቀራሉ መሰላችሁ? በማግስቱም መጡ።

ወደ ወይንሸት ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ የእሷ ጉዳይ ነው። ወይንሸት ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳስ ጥለው ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ድስት፣ ጀበና፣ እንስራ፣ ምጣድ ይሠራሉ፤ ሆቴሎች ጥብስ የሚያቀርቡበትን ትንሿን ሸክላም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በአካባቢያችን ሸክላ ሠሪ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የሠሩትን ድስት ገዝቶ ወጥ ይሠራበታል፣ እነሱ ከጋገሩት ግን አይበላም። ጋብቻ የለም። ለቅሶ ሲሄዱ የሚቀመጡት ዳር ነው። «ድሮ ቀረ» የሚላችሁ ይኖራል። የሚላችሁን ሰው እቤታቸው በልቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ወይንሸት የፈለገችው አጭር ነገር ነው። ዕቃቸውን ፎቶ አንስተው በስማቸው እንዲያወጡ፣ የሐዋሳና የአዲስ አበባ ሆቴሎች በቀጥታ ለእነሱ እንዲደውሉ። ብሩክታይት እየተመላለሰች ፎቶ ታነሳ ነበር፤ እኔም አብሬ እየሄድኩ የተቀቀለ ቦዬና ጎዳሬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ በሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ በልተን እንመጣ ነበር። ከሠራናቸው ሁሉ የወደድነው ሥራ እሱ ነው። ሲያልቅ ወይንሸት ቢሯችን መጣች፤ ጋሽ ዳልጮም እንደ ልማዳቸው ጥግ ተቀምጠዋል።

«መቼ ነው የሚመረቀው?» አሏት።

«ምረቃ አንፈልግም፣ ጋሼ።»

«ያልተመረቀ ነገር እኮ አል...»

«ይመጣሉ» አለች ወይንሸት፤ አቋረጠቻቸው። «ይናገራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ምግብ ሲቀርብ ይሄዳሉ። እናቶቼ ይህን ብዙ ጊዜ አይተውታል። ዳግመኛ ባላሳያቸው ነው ደስ የሚለኝ።»

ጋሽ ዳልጮ የአገሩ ሰው ናቸው፤ ምን እንዳለች ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። ጎሳቸውም ከትልልቆቹ ነው፤ እቤታቸው ከሸክላ ሠሪ ጋር አንድ ሰሐን ቀርቦ አያውቅም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሆቴል ብናስመጣስ?»

«ከሆቴል የመጣ ምግብ ካለ እኛ የለንም» አለች። «እኛ እናበስላለን፣ በራሳችን ድስት። የሚበላ ካለ ይመረቅ። የሚበላ ከሌለ ዌብሳይቱ እንዲሁ ይሥራ።»

ጋሽ ዳልጮ ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉት። ከዚያ «ምግቡ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ይግባ» አሉ። እኔ በበኩሌ ተናድጄባቸው ነበር። ለአንድ ቀን ማይክሮፎን ሲሉ እነዚያን እናቶች ሊያዋርዷቸው ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ለብሩክታይትም በዚያው ቃል ነገርኳት።

ቀኑ ረቡዕ ሆነ። እናቶቹ ከማለዳው ጀምረው ሲያበስሉ ነበር። ቦዬ፣ ጎዳሬ፣ ቆጮ፣ ጎመን፣ ዳጣው ለብቻ፣ ቅቤው ለብቻ። ጋሽ ዳልጮ በሁለቱ የዳስ ምሰሶዎች መካከል ሪባናቸውን ወጥረዋል፤ ከሪባኑ ጀርባ እኔ ስክሪን አቁሜአለሁ። የሚያስቅ ነገር፣ ያን ቀን ኔትወርክ ነበር። እንግዶቹም መጡ። የክብር እንግዳው አቶ መክብብ የሚባሉ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ኃላፊ ናቸው። ከጎናቸው አቶ ቶማ ተቀመጡ፤ ሆቴላቸው በሸክላ ጥብስ የታወቀላቸው፣ ከእኛም ዌብሳይት ሊያሠሩ የተነጋገሩ ባለሀብት። ከኋላቸው የቢሮ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ዘመድ አዝማድ።

ንግግሩ መቼም ያምር ነበር። አቶ መክብብ ስለ ቴክኖሎጂ ተናገሩ። አቶ ቶማ ተነስተው «የሆቴሌ ጥብስ ምስጢሩ ሥጋው አይደለም፤ የእነዚህ እናቶች እጅ ነው» አሉ። እናቶቹ አጨበጨቡ። ከሁሉ የሚበልጡት እማማ ታንጉት፣ ጭቃ ሲያቦኩ የኖሩ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ለየእንግዳው አንዳንድ ሸክላ ተበረከተ፤ ሾፌሮች እየተቀበሉ መኪና ውስጥ አስገቡ።

አቶ መክብብ ወደ ሪባኑ ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ዳልጮ እጃቸውን አነሱ።

«ሪባኑ ከማዕድ በኋላ ነው፣ ክቡር ኃላፊ።»

በሶዶ የምረቃ ታሪክ እንዲህ ዓይነት ነገር ተደርጎ አያውቅም። ሰው ሁሉ ሪባን፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ምግብ ነው የሚያውቀው፤ ከፎቶው በኋላ ደግሞ ሹልክ ማለት ቀላል ነው። ጋሽ ዳልጮ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ያን ጊዜ ነው ምን እያደረጉ እንደሆነ የገባኝ።

ምግቡ ቀረበ። አቶ መክብብ ለአገሩ እንግዳ ናቸው፤ የሚያውቁት ነገር የለም፤ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሰሐኑ ዘረጉ። አቶ ቶማ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አሏቸው። አጭር ነገር ነው። የተዘረጋው እጅ ቦዬው ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ያየሁትን እጅ እስካሁን አልረሳሁትም።

«ለካ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነኝ» አሉ አቶ መክብብ።

«ቦዬ የጾም ነው፣ ክቡር ኃላፊ» አሉ ጋሽ ዳልጮ በማይክሮፎን። «ቅቤው ለብቻው ነው።»

«ጨጓራም አለብኝ።»

«ቦዬ ለጨጓራ ሎኦ ነው። መልካም ነው ማለቴ ነው። ሐኪም ያዘዋል።»

ሰው በአፍንጫው ሳቀ። አቶ መክብብ ግን ተነሱ፤ ስልካቸው ሳይጠራ አነሱና እያወሩ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ጋሽ ዳልጮ ተራውን አላፋለሱም። «ክቡር አቶ ቶማ፣ ወደ ማዕድ።» አቶ ቶማ አስቸኳይ ስብሰባ ነበራቸው። ቀጥለው የቢሮውን ሰዎች ጠሩ፤ ሾፌር እየጠበቃቸው ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች፣ አብረዋቸው የሚጸልዩትን ሰዎች፣ በስማቸው ጠሩ። በልተን ነው የመጣነው አሉ፤ አንዱማ ውኃ በላስቲክ ይዞ መጥቶ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁሉም ለምን እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን ሰዓቱን ያያል። የገዛ ወንድማቸውን የመጨረሻ አድርገው ጠሩት። ወንድማቸው አልመለሰላቸውም፤ ኮፍያውን አድርጎ በዳሱ ጀርባ ወጣ።

ባዶ ወንበር ቀረ። እኔና ብሩክታይት ቀድሞም የምንበላ ስለሆንን ከእንግዳ አንቆጠርም። ወይንሸት አላለቀሰችም፤ «ነግሬዎታለሁ፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እናቶቹ ሰሐኖቹን መክደን ጀመሩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ገመድ የምሰበስብ መሰልኩ። ንዴት ነው የያዘኝ። ያን ዕለት ከተማዬን ጠላኋት።

ጋሽ ዳልጮ ግን መርሐ ግብሩን አልጨረሱም ነበር። ማይክሮፎኑን አፋቸው ላይ አድርገው «ክቡር አቶ ዳልጮ፣ ወደ ማዕድ» ብለው ራሳቸውን ጠሩ። ማይክሮፎኑን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ጥግ ወደተቀመጡት እማማ ታንጉት ሄደው ከጎናቸው በርጩማ ሳቡና ከእሳቸው ሰሐን ላይ በሉ።

እማማ ታንጉት ደንግጠው ሰሐኑን ወደ እሳቸው ገፉት፤ ብቻቸውን እንዲበሉ ነው። ጋሽ ዳልጮ መልሰው መሐል አደረጉት። «አንተ ሰው፣ ነገ ምን ይሉሃል?» አሏቸው አሮጊቷ። «የሚሉትን ይበሉ። ዳጣው ትንሽ ጨው ይፈልጋል» አሉ ጋሽ ዳልጮ። ከዚያ በኋላ እማማ ታንጉት የተናገሩት «ጦሳይ አንጆ» የሚለውን ምርቃት ብቻ ነው። እግዜር ይባርክህ ማለት ነው፤ ሰውየው በዕድሜያቸው ሁሉ ሲመርቁ ኖረው፣ ለእሳቸው ሲመረቅላቸው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ከተማ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ሶዶ መግቢያ ላይ ሰው ሲወርድ ሲወጣ ነው የተናገሩት። «ኤልሳዕ፣ ሰው ወደ ማዕድ ስጠራ ነው የኖርኩት። ጠርቼው የቀረ አልነበረም። ለካ ወዴት እንደምጠራው እየመረጥኩ ኖሯል።» ቢሮ እንደገባን ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ዜናውን ጻፍ» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩ፦

«የሸክላ ሠሪ እናቶች ማኅበር ዌብሳይት ሊመረቅ መርሐ ግብር ተይዞለት የነበረ ሲሆን፣ የክብር እንግዳው አቶ መክብብ በጨጓራ ሕመም፣ አቶ ቶማ በአስቸኳይ ስብሰባ፣ ሌሎችም የተከበሩ እንግዶች በልዩ ልዩ ምክንያት እናቶቹ ያዘጋጁትን ምግብ ሳይቀምሱ ተመልሰዋል። የተበረከተላቸውን ሸክላ ይዘው ሄደዋል። ምረቃው እንግዶቹ ተመልሰው እስኪመገቡ ድረስ ተላልፏል።»

የሌሎቹንም ስም ከነማዕረጋቸው አስጻፉኝ፤ ወንድማቸውን ሳይቀር፣ በቅደም ተከተል። በገጻችን ላይ ከወጡ ዜናዎች ሁሉ ሰው ያነበበው እሱን ነው። በማግስቱ አቶ ቶማ ደወሉ። ጩኸት የለም፣ ቁጣ የለም፤ «ዜናውን አንሳው፣ ወይ የእኔን ዌብሳይት እርሳው» አሉኝ። የሆቴሉን ሥራ በጣም እንፈልገው ነበር። ብሩክታይትን አየኋት፤ ትከሻዋን ሰበቀች። ለጋሽ ዳልጮ ደውዬ ይነሳ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከተጻፈው ውስጥ ውሸት አለ?» አሉ።

«የለም።»

«ቅደም ተከተሉስ?»

«ትክክል ነው።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምታነሳው?»

አላነሳነውም። የሆቴሉ ሥራ ሄደ፤ ሌላም ተከትሎት ሄደ። በጋሽ ዳልጮ ላይ የመጣው ግን ይብሳል። መራቂ አይሻርም ያልኩት ስህተት ነው፤ ይሻራል፣ ደብዳቤም አያስፈልገውም። ሰዎች እሳቸውን ለምረቃ መጥራት ተዉ። አሁን በየምረቃው ማይክሮፎን የሚይዘው አንድ ጎረምሳ ነው፤ ስም ያፋልሳል፣ ማዕረግ ይዘላል። ወንድማቸው አያናግራቸውም። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ናቸው፤ ግን ከጸሎት በኋላ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያወራ እሳቸው ሲቀርቡ ወሬው ያልቃል። ሶዶ ሰው ስትቀጣ ድምፅ አታሰማም።

የወይንሸት ዌብሳይት ግን ይሠራል። እኛ ከሠራናቸው ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ፎቶ የሚወጣበት እሱ ብቻ ነው፤ ከሐዋሳ ይደወልላታል፣ ከአዲስ አበባም። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ዳልጮ ጉዳዩ አልዋጥ ብሏቸው «ሳይመረቅ?» ይላሉ፤ አይቀበሉኝም። አቶ ቶማም ዛሬም ጥብስ የሚያቀርቡት በእናቶቹ ሸክላ ነው፤ ሰው አስልከው ያስገዛሉ።

እኔ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ቢሯችን ያመጡብንን ጣጣ፣ ያባረሩብንን ደንበኛ፣ ያስጻፉኝን የማዕረግ ክምር ሁሉ ይዤ እወዳቸዋለሁ። አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ሥነ ሥርዓት ያዘጋጁለታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሪባኑ ዳሱ ላይ እንደተወጠረ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ቀዩ ወደ ነጭ ሄዷል። ያንሱት ሲባሉ አያነሱም፤ ወንበሮቹንም ራሳቸው ይደረድራሉ፣ የፊተኛውን ረድፍ ባዶ ይተዋሉ። ያለፈው ቅዳሜ ወይንሸት ቦዬውን እያቀረበች «ጋሼ፣ ይህ ምረቃ እስከ መቼ ነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ዳልጮ ወደ አስፋልቱ አዩ። ከቦዲቲ የሚመጣ አይሱዙ አለፈ፤ አልቆመም።

«እንግዶቻችን በመንገድ ላይ ናቸው» አሉ፤ ቦዬውንም ልጠው ግማሹን ለእማማ ታንጉት ሰጡ።